የተቆጠበው ነዳጅ ወዴት ሄደ?

የርቀት ሥራ፣ የወረዳ በጀትና የአጥቢያ ድርሻ

(ለአጥቢያ አስተዳዳሪዎች፣ ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



 የተሰጠኝ ርእስ «የርቀት ሥራና የወረዳ በጀት» የሚል ነው። ትናንት ማታ ርእሱን የነገርኋቸው አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ርቀቱንስ እኛ እናውቀዋለን፤ አንተ በጀቱን ንገረን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ርቀትን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለምና እኔ የማውቀውን በጀቱን ልናገር፤ ርቀቱን ደግሞ በውይይቱ ጊዜ እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ወደዚህ አገልግሎት ከመምጣቴ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ ወረዳ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት በበጀት ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ያነበብሁትን ብቻ ሳይሆን በገዛ እጄ የፈረምሁትንም ስለሆነ ከአንዲት ወረቀት ልጀምር።

አንዲት ወረቀት

ወሩ ሚያዝያ ነበር። የወረዳችን የውኃ ጽሕፈት ቤት ወደ አንድ ቀበሌ ለሚደረግ የመስክ ጉዞ 20 ሊትር ነዳጅ እንዲፈቀድለት በደብዳቤ ጠየቀ። የዓመቱ የነዳጅ በጀት በመጋቢት ወር አልቆ ነበር። በደብዳቤው ግርጌ «በጀት ስለሌለ አልተፈቀደም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ደንቡን ጠብቄአለሁ፤ ማንም አልወቀሰኝም፤ እኔም ራሴን አልወቀስሁም።

በዚያው ሰሞን የውኃ ተቋማት ይዞታ ሪፖርት ከክልል በአስቸኳይ ተጠየቀ። ባለሙያው መሄጃ ስላልነበረው ለየቀበሌው ሊቀ መንበር በስልክ እየደወለ መረጃውን አሰባሰበ። ወደዚያ ቀበሌ ሲደውል መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና «እንዴት ነው?» የሚለው ብቻ ተሰማ። ሊቀ መንበሩም ሰላምታ መስሎት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» ብሎ መለሰ። በሠንጠረዡ ላይ «የእጅ ፓምፕ፦ በአገልግሎት ላይ» ተብሎ ተሞላ። ሪፖርቱ በቪዲዮ ስብሰባ ቀረበ፤ ተቀባይነትም አገኘ።

በግንቦት መጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ አባት ዐርፈው ለቅሶ ለመድረስ ወደዚያው ቀበሌ ሄድሁ። የፓምፑ እጀታ በገመድ ታስሯል፤ ሴቶቹ ከወንዝ ይቀዳሉ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት እናት ከየት እንደ መጣሁ ሲሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንዲት የተበላች የጎማ ቀለበት አወጡ። የመንደሩ ጠጋኝ ፓምፑን ፈትቶ ብልሽቱን ለይቷል፤ መተኪያው ግን የሚገኘው በወረዳው መጋዘን ነው። እርሳቸውም በሁለት የገበያ ቀን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ወደ ወረዳ መጥተዋል። በሁለቱም ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ተመልሰዋል። ስብሰባው ከክልል ጋር በቪዲዮ የሚካሄድ፣ እኔም የተቀመጥሁበት ስብሰባ ነበር። «ለሚመጣው ሰው ላሳይ ብዬ ሰባት ሳምንት በነጠላዬ ቋጥሬ ያዝኋት፤ የመጣ ሰው ግን የለም» አሉኝ።

የዚያች ቀለበት ዋጋ ከእኔ የአንድ ቀን ምሳ አይበልጥም ነበር። በማግሥቱ እህል ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ መተኪያዋን ላክንላቸው፤ ጠጋኙም በአንድ ሰዓት ሥራውን ጨረሰ። ሰባት ሳምንት የፈጀው ጥገናው አልነበረም። ገንዘብ ሲያጥረን ነዳጁን ከለከልን፤ ነዳጁን ስንከለክል ዐይናችንን አጣን፤ ዐይናችንን ስናጣ ደግሞ በስልክ ያየን መሰለን። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የወረዳ ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በገንዘብ ረገድ መልክ የያዘው በ1994 ዓ.ም. ገደማ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ሲጀመር ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልሎች የሚከፋፈለው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ነው። ክልሉም በራሱ ቀመር ለወረዳዎቹ ያደላድላል። ወረዳው ከገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ ከእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ ከነጋዴዎችና ከልዩ ልዩ አገልግሎቶች የሚሰበስበው የራሱ ገቢ አለው። በአብዛኛው የገጠር ወረዳ ግን ይህ ገቢ ከሚያስፈልገው ጥቂቱን ብቻ ይሸፍናል።

ይህ ገንዘብ ወጪ ሲሆን ሦስት ስም አለው፤ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና ካፒታል። ከሦስቱ እጅግ ትልቁ ደመወዝ ነው። ይህን ሲሰሙ «ገንዘቡን ሠራተኛ በላው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባባሉ ፍትሐዊ አይደለም። የወረዳ ደመወዝ ማለት በአብዛኛው መምህር ማለት ነው። በጤና ኬላ የምታገለግለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና በቀበሌው የተመደበው የግብርና ልማት ሠራተኛ ማለት ነው። ደመወዝ በቀላሉ የማይቀነሰውም ከዚህ የተነሣ ነው። ካፒታሉ ደግሞ ቀድሞውንም ትንሽ ነው። ስለዚህ በጀት ሲጠብ ቢላዋው የሚያርፈው በሥራ ማስኬጃው ላይ ይሆናል። ይኸውም ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የተሽከርካሪ ጥገና፣ ወረቀት፣ ጠመኔና መለዋወጫ ነው። ገበሬ ሁለት በሬ ይዞ ሞፈርና ቀንበር ቢያጣ ማለት ነው፤ በሬዎቹ ይቀለባሉ፤ እርሻው ግን አይታረስም።

የቅርቡ ዘመን ጫና ደግሞ ተጨማሪ መልክ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነዳጅ፣ የመኪና ጎማና መለዋወጫ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የሥራ ማስኬጃው ብር በቁጥር ባይቀነስ እንኳ የሚገዛው ሊትር ይቀንሳል። በበጀት መዝገብ ላይ ምንም ሳይለወጥ የባለሙያው እግር ያጥራል። የበጀት ጫና የሚለው የጽሕፈት ቤት ቃል ወደ ቀበሌ ሲወርድ ትርጉሙ ይህ ነው።

የርቀት ሥራ የሰጠን ጥቅም

ሀገራችን ለርቀት ሥራ ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳ ኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ከቤት ሆኖ መሥራት ግን በሰፊው የተለመደው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ወር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ።

እኛም የራሳችን ትዝታ አለን። የዚያን ዓመት ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ብዙው ምእመን በቤቱ ሆኖ ሥርዓቱን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከታተለ። ከርቀት መከታተል ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ በዚያች ሌሊት ሁላችንም ተምረናል። ቃሉ በሬዲዮ ደረሰን፤ ቅዱስ ቁርባኑ ግን በሬዲዮ አይመጣም። በወረዳ ሥራም እንዲሁ በሽቦ የሚሄድና በሽቦ የማይሄድ አለ።

በሽቦ የሚሄደውን መናቅ ግን አይገባም። እስቲ አብረን እንቁጠር። ከክልሉ ዋና ከተማ 400 ኪሎ ሜትር የሚርቅ አንድ ወረዳ ለአንድ ቀን ስብሰባ ተጠራ እንበል። ሦስት ኃላፊዎችና አንድ ሹፌር ይሄዳሉ። መሄጃው አንድ ቀን፣ ስብሰባው አንድ ቀን፣ መመለሻው አንድ ቀን ነው። አራት ሰው ለሦስት ቀን፣ 12 የሥራ ቀን ሆነ። መኪናው ደርሶ ሲመለስ 800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከወረዳው ከተማ 20 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቀበሌ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ነው። 800ን ለ40 ብናካፍለው 20 እናገኛለን። ያ ስብሰባ በቪዲዮ ቢካሄድ፣ ውሎ አበሉን ሳንቆጥር በነዳጁ ብቻ 20 ጊዜ ወደ ቀበሌ መሄድ ይቻላል ማለት ነው። የእኔ 20 ሊትር በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ አስቡት።

ስለዚህ የርቀት ስብሰባን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ደመወዝ በባንክ መከፈሉ፣ ሪፖርት በኢሜይል መላኩ፣ ስብሰባ በቪዲዮ መካሄዱ ለድሃ ወረዳ ትልቅ ዕፎይታ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የተቆጠበው ነዳጅ ወዴት ሄደ? በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዳንዴ ገንዘቡ በበጀት ዝውውር ወደ ሌላ ወጪ ይዛወራል፤ ለመስተንግዶ፣ ለበዓል ዝግጅት ወይም ለሌላ ስብሰባ። አንዳንዴ ደግሞ «አምና አልተጠቀማችሁበትም» ተብሎ የሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ይቀንሳል። ወደ ቀበሌ መንገድ የተመለሰበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። የተቆጠበ ነገር ወዴት እንዲሄድ አስቀድሞ ካልተወሰነለት፣ ጉልበት ያለው ይወስደዋል፤ ቀበሌ ደግሞ በበጀት ጠረጴዛ ዙሪያ ጉልበት የለውም።

ከሌላ ሀገር አንድ ምሳሌ

ስለ ርቀት ሥራ የሚነገረን ምክር አብዛኛው የተቀመረው በሀብታም ሀገሮች ነው። ስለዚህ እዚያ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ የእኛን ልዩነት ያሳየናልና። የእንግሊዝን የአካባቢ ምክር ቤቶች እንውሰድ። በሕጋቸው መሠረት የአካባቢ ምክር ቤት ጉድለት ያለበት በጀት ማጽደቅ አይችልም። ወጪው ከገቢው እንደሚበልጥ የታየው የፋይናንስ ኃላፊ በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ክፍል 114 መሠረት በይፋ ማስታወቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ከግዴታ በቀር አዲስ ወጪ ይቆማል።

የኖርዝአምፕተንሻየር አውራጃ ምክር ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የፈጀ አዲስ ዋና ጽሕፈት ቤት መረቀ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ይህን ማስታወቂያ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ሕንፃውን ሸጦ በዚያው ሕንፃ ተከራይ ሆነ። በ2021 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ ራሱ ፈርሶ በሁለት አዳዲስ ምክር ቤቶች ተተካ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያስተዳድረው የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤትም በ2023 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማስታወቂያ አወጣ። ከምክንያቶቹ መካከል የእኩል ክፍያ ጥያቄ ያስከተለው ዕዳና በአግባቡ ሳይሠራ ወጪው እጅግ ያሻቀበ አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ይገኙበታል። ቴክኖሎጂ በራሱ በጀት አያድንም፤ በጀት የሚበላበትም ጊዜ አለ።

በዚያ ሀገር ሠራተኛው ከቤቱ ሲሠራ ምክር ቤቱ ፎቅ ይለቃል፤ ኪራይ፣ ማሞቂያና ጥበቃ ይቀንሳል። ቁጠባው ከሕንፃው ይመጣል። የእኛ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ክፍሎች ያሉት የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው፤ ባዶ ቢሆን የሚተርፍ ገንዘብ የለም። የእኛ ወጪ መንገዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ «ሠራተኛው ከቢሮ ይራቅ» የሚለውን ብቻ ቀድተን ብንወስድ ቁጠባውን ሳናገኝ መራራቁን እናተርፋለን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደ ተባለው እንዳይሆን።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በወረርሽኙ ጊዜ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች በቪዲዮ ተሰብስበው እንዲወስኑ የተፈቀደው ለጊዜው ብቻ ነበር። ፈቃዱ በሜይ 2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲያበቃ ተመራጮቹ ወደ አዳራሻቸው ተመለሱ። ሕጋቸው ይህን እንዲያሻሽል የሚጠይቁ ብዙዎች ቢሆኑም፣ በሠራተኛው የጠረጴዛ ሥራና ሕዝብ ፊት በሚደረግ ውሳኔ መካከል ልዩነት መኖሩን ያመለክታል።

መጠንቀቅ የሚገቡን ሦስት ነገሮች

ወደ ቤታችን እንመለስ። የርቀት ሥራ በጠበበ በጀት ላይ ሲጨመር ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል።

አንደኛው፣ ባለጉዳይ የተዘጋ በር ማግኘቱ ነው። ቀድሞ ኃላፊው ክልል ሄዶ ከሆነ «የለም» ይባል ነበር፤ ባለጉዳዩም ያውቀዋል። ዛሬ ኃላፊው በሕንፃው ውስጥ ሆኖ በስክሪን ፊት ተቀምጧል፤ ለባለጉዳዩ ግን ያው የለም ነው። መጓዝ ስለማያስፈልግ ስብሰባው ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ የገበያን ቀን አይለይም። ገበሬው ወደ ወረዳ የሚወጣበት ቀን የገበያ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን የተያዘ አንድ የቪዲዮ ስብሰባ የአንድ ሳምንት ጉዳይ ይዘጋል። ከዚህም የባሰ፣ «ከርቀት እሠራለሁ» እያለ በዞን ከተማ ኑሮውን መሥርቶ የወረዳ ሥራውን በስልክ የሚመራ ባለሙያ አለ። ይህ የርቀት ሥራ ሳይሆን መቅረት ነው።

ሁለተኛው፣ በሩቅ የታየ ነገር እንደ ታየ መቈጠሩ ነው። በስልክ የተሰበሰበ ሪፖርት ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ግን «ደኅና ነው» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ አይነግርም። የመማሪያ ክፍል ግንባታ የመጨረሻ ክፍያ በፎቶግራፍ ብቻ ሲፈቀድ፣ ፎቶው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ያሳያል፤ የጀርባውን አያሳይም። የፓምፕ ጥገና፣ የክትባት ዘመቻ፣ የወሰን ክርክር፣ በሰብል ላይ የተነሣ ተባይ፣ የተጣላ መንደር እርቅ፣ እነዚህ ሁሉ ዐይንና እጅ የሚፈልጉ ናቸው።

ሦስተኛው፣ ወጪው መጥፋቱ ሳይሆን ኪስ መለወጡ ነው። ባለሙያው በገዛ ካርዱ ይደውላል፤ በገዛ ስልኩ ዳታ ሪፖርት ይልካል። የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ትወጣለች። ያች የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እናት ሁለት ጊዜ የተመላለሱበት መንገድ በየትኛውም የበጀት መደብ አልተመዘገበም። ወረዳው 20 ሊትር ቆጠበ፤ እርሳቸው ሁለት ቀን ከፈሉ፤ መንደሩ ሰባት ሳምንት ከፈለ።

በአንጻሩ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። የጸጥታ ችግር መንገድ በዘጋበት አካባቢ፣ ባለሙያ መድረስ በማይችልበት ጊዜ፣ አንዲት የስልክ ጥሪ ሕይወት ታድናለች። በዚያ ሁኔታ በስልክ የሚሠራውን ሠራተኛ ማመስገን እንጂ መውቀስ አይገባም። የምንናገረው መንገድ እያለ፣ ነዳጁም ተቆጥቦ እያለ፣ ስለ ቀረው እግር ነው።

እኛስ?

ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። የእኛ የልማት ፕሮጀክቶችም በጀታቸው ይጠብባቸዋል። የእኛም ባለሙያዎች የመስክ ጉብኝትን በስልክ ለመተካት ይፈተናሉ። ከአጥቢያ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከት የሚላከው ሪፖርት ስንት ጊዜ በዐይን የታየ፣ ስንት ጊዜ «ደኅና ነው» የተባለ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ብዙ ሥራ በመልእክት ሠርቷል፤ እስር ቤት ሆኖ እንኳ አብያተ ክርስቲያናትን በደብዳቤ መርቷል። ነገር ግን ደብዳቤውን ብቻውን አልላከም፤ ሰው ላከ፤ ራሱም ሊያያቸው እንደሚናፍቅ ጻፈ። ደብዳቤው መንገዱን አሳጠረ እንጂ መንገዱን አልተካውም። ለእኛም ለወረዳውም መለኪያ ሊሆነን የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ከአጥቢያ ምን ይጠበቃል?

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። አጥቢያ የወረዳ ተቆጣጣሪ አይደለችም፤ ሥልጣኑም የላትም። ግን ምእመናኗ የዚያው ወረዳ ነዋሪዎችና ግብር ከፋዮች ናቸው፤ በየኮሚቴውም አሉበት። ስለዚህ አምስት ነገሮችን አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ በጀቱን አንብቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በልማት አጋሮች ድጋፍ የተካሄደው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም፣ ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ አለማምዶ ነበር። ተለጥፎ ካገኛችሁት ሂሳብ የሚያውቅ አንድ ወጣት ይዛችሁ ሂዱና ሥራ ማስኬጃው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ለመስክ ነዳጅ የተመደበው ስንት እንደሆነ ተመልከቱ። ካልተለጠፈ በትሕትና ጠይቁ። በሐምሌና በነሐሴ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ አለው፤ በሚያዝያ የተጠየቀ መልሱ የእኔ ፊርማ ነው።

ሁለተኛ፣ የገበያ ቀን እንዲከበር ጠይቁ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። በገበያ ቀን የቪዲዮ ስብሰባ እንዳይያዝ፣ ግድ ቢሆን እንኳ ጉዳይ የሚቀበልና የሚጽፍ አንድ ሰው በበሩ እንዲቀመጥ ወረዳውን ለምኑ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ቀለበቷ በነጠላ ሰባት ሳምንት ባልተቋጠረች ነበር።

ሦስተኛ፣ የጉብኝት መዝገብ ይኑራችሁ። በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ በአካባቢው ያሉት የውኃ፣ የጤናና የትምህርት ተቋማት መቼ በማን እንደ ታዩ፣ ምን እንደ ተሠራ በቀን ይመዝገብ። ዓላማው ሰው መክሰስ አይደለም። ወረዳው በስልክ ሲጠይቃችሁ «ደኅና ነው» ከማለት ይልቅ «ከጥር 12 ቀን ጀምሮ ቆሟል፤ የጎደለው ይህ ነው» ብላችሁ እንድትመልሱ ነው። በርቀት ለሚሠራ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ የለም።

አራተኛ፣ ስትረዱ በጽሑፍ ይሁን። ብዙ አጥቢያዎች ለባለሙያ ማደሪያ ይሰጣሉ፤ በቅሎ ያውሳሉ፤ ነዳጅ ይሞላሉ። መልካም ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን ያልተጻፈ እርዳታ በጀት አውጪውን ያሳስተዋል፤ ሥራው ስለ ተሠራ ገንዘቡ የበቃ ይመስለዋልና በሚቀጥለው ዓመት አይጨምርም። የሰጣችሁትን በዓይነትና በመጠን ጽፋችሁ አንድ ግልባጭ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ስጡ። እኔ በዚያ ወንበር ሳለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ከአንድም አጥቢያ አልደረሰኝም፤ ቢደርሰኝ ኖሮ በበጀት ክርክሩ ላይ የምይዘው ማስረጃ ይሆነኝ ነበር።

አምስተኛ፣ ከራሳችሁ ጀምሩ። የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ በስልክ ሊያልቅ የሚችለውን በስልክ ጨርሱ፤ የተረፋችሁን ጊዜና ገንዘብ ግን ለምን እንደምታውሉት በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። «ከዚህ ስብሰባ የተረፈው ለሕሙማን ጥየቃ ይውላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው። እኛ ይህን ስናደርግ ወረዳውም እንዲያደርግ ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል።

ወረዳውን የምጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የርቀት ስብሰባ ሲተካ፣ የቀረው ጉዞ ነዳጅ ለየትኛው ቀበሌ ጉዞ እንደሚውል በዚያው ቀን ይጻፍ። የበጀት ሠራተኛ የተጻፈን ነገር ያከብራል፤ እኔ እመሰክራለሁ።

በመጨረሻም ስለዚያች የጎማ ቀለበት። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አሮጌይቱን ሰጥተውኝ ነበር። «ውሰዳት፤ ቢሮህ አስቀምጣት» አሉኝ። መሥሪያ ቤት ስለውጥም አብራኝ ተዛውራለች፤ አሁንም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነች። የነዳጅ ጥያቄ ወደ እኔ በመጣ ቁጥር ከመፈረሜ በፊት መሳቢያውን እከፍታለሁ። ሁልጊዜ እፈቅዳለሁ ማለት አይደለም፤ ገንዘብ የሌለበት ቀን አሁንም አለ። ነገር ግን «አልተፈቀደም» ከማለቴ በፊት ያንን መንገድ በምትኩ ማን እንደሚሄደው እጠይቃለሁ።